ቁልፍ የሚሰጡ ሞኞች

ሞኝነት ይመስገን። እ.ኤ.አ. በ1990 ለንደን ላይ ኪሪንግ የተባለውን ድርጅት የመሠረቱት ሰዎች ሞኞች ነበሩ፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የቤት ቁልፍ ሰጡ። ዘጠኝ የሚሆኑ አባላት በአንድ ሰፈር፣ በእግር በሚደራረሱበት ርቀት፣ በየራሳቸው ቤት ይኖራሉ። አንድ በጎ ፈቃደኛም ከመካከላቸው ይኖራል። አጥር የለ፣ ዘበኛ የለ።

ብልሆቹ ደግሞ ለእነዚሁ ሰዎች ብሪስቶል አጠገብ ዊንተርቦርን ቪው የተባለ ሆስፒታል ከፈቱ። ሃያ አራት አልጋ፣ የተቆለፈ በር፣ ለአንድ ታካሚ በሳምንት በአማካይ 3,500 ፓውንድ። እ.ኤ.አ. በ2011 የቢቢሲ ጋዜጠኛ ሠራተኛ ሆኖ ገብቶ በድብቅ ካሜራ ቀረጸ፤ ታካሚዎች ሲመቱ፣ ሲጎተቱ፣ ከነልብሳቸው ውኃ ሲለቀቅባቸው አገር አየ። 11 ሠራተኞች ተፈረደባቸው፤ ስድስቱ ታሰሩ። በር የሚቆለፈው ለታካሚ ደኅንነት ነው ይባላል።

ወደ ሞኞቹ እንመለስ። የመብራት ሒሳብ ደብዳቤ ይመጣል። ማንበብ የሚቸግረው ተከራይ ይዞት ወደ በጎ ፈቃደኛው ይሄዳል፤ አብረው ያነቡታል፤ ስልኩን የሚደውለው ግን ራሱ ተከራዩ ነው። አውቶቡሱን ጠንቅቃ የምታውቅ አባል አዲስ የገባውን መንገድ ታለማምደዋለች። ምግቡ ቢያርርም ያሳረረው ባለቤቱ ነው። መቼ እንደሚተኛ፣ ማንን እንደሚያስገባ የሚወስነውም እሱ ነው፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

«ቢታለልስ?» የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ሰው ይታለላል፤ ጎረቤትና ደጋፊ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በጀታቸው የተቆረጠባቸው የእንግሊዝ ማዘጋጃ ቤቶች የድጋፍ ሰዓት መቀነሳቸው ነው። ቁልፍ ሰጥቶ ድጋፍ መንሳት ሰውን መጣል ነው፤ የኔ ሞኞች ይህን አላደረጉም።

ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት ኮንቬንሽን አጽድቃለች። 19ኛው አንቀጹ የት፣ ከማን ጋር እንደሚኖር መምረጥን የአካል ጉዳተኛው መብት ያደርገዋል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ያላቸው የኛ እናቶች ግን ዛሬም «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» እያሉ ያድራሉ። ለዚህ ጥያቄ ቤት፣ ጎረቤትና ደጋፊ ሠራተኛ ይዞ የሚመጣ አንድ ሞኝ ወረዳ እንፈልጋለን።