የማጀት ሹሟ ፊርማ

በስኮትላንድ ሰሜን፣ በኦርክኒ ደሴቶች፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2800 ገደማ የተሠራ ሜስሃው የሚባል የመቃብር ጉብታ አለ። በ12ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የደሴቶቹ መስፍን ሃራልድ ጭፍሮቹን አስከትሎ አገር ሲያቋርጥ የበረዶ ውርጅብኝ ያዘውና እዚያ ተጠለለ። የመሳፍንቱን ታሪክ የጻፈው ሰው እንደሚለው ከተከታዮቹ ሁለቱ ጉብታው ውስጥ አበዱ። ስማቸውን አልነገረንም፤ ምን አይተው እንዳበዱም አላስጨነቀው። የቆጨው በእነሱ ሰበብ ጉዞው መጓተቱ ነው።

ለመስፍን እንጂ ለሎሌ ቀለም ከማያባክን ጸሐፊ ይልቅ የጉብታው ግድግዳ ቸር ነው ባይ ነኝ። በዚያው መቶ ዘመን የገቡ ኖርሶች፣ የስካንዲኔቪያ ዘሮች፣ ሩን በሚባለው ፊደላቸው 30 ያህል ጽሑፎች ጭረውበታል። አንዱ በምዕራቡ ባሕር እንደ እሱ ሩን የሚያውቅ እንደሌለ ይፎክራል። ሌላው ስንት ኩሩ ሴት እዚህ አጎንብሳ እንደገባች ያሽሟጥጣል፤ መግቢያው ዛሬም ዝቅ ያለ ነውና የእኛ ዘመን ኩሩም ከሽሙጡ አያመልጥም። ጉብታውን የሰበሩት ኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች እንደሆኑም ተጽፏል፤ ከተሳላሚ እንኳ የምንጠብቀው በረከት ነበር! ከሁሉም የምትበልጥብኝ ህሊፍ ናት፤ የመስፍን ቤት የማጀት ሹም። ፊርማዋ ባይኖር ኖሮ የመስፍን ምግብ የምታሰናዳ ሴት ፊደል ትቆጥር እንደነበር ማን ይነግረን ነበር?

ሥፍራው በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የግንበኞቹ ድንጋይና የሰባሪዎቹ ጭረት አብረው ጥበቃ አገኙ። «ድፍረት ሲያረጅ ቅርስ ይሆናል ማለት ነው?» የሚል አይጠፋም። እርጅና ብቻውን አያጸድቅም፤ ምስክርነት ግን በምስክሩ ጨዋነት አይለካም። ደግሞስ በ1861 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፋረር ጉብታውን ከአናቱ በስቶ ሲገባ ሥራው ምርምር ተባለለት፤ ሩኖቹንም ለዓለም ያሳወቀው እሱ ነው። «እንግዲያው እኔስ ስሜን ብጭር?» ለሚል ጎብኚ መልሱ ቀላል ነው። ህሊፍን ከዚያ ግድግዳ በቀር የመዘገባት የለም። እሱ ግን ያለ አስጎብኚ አይገባምና ቦታ ሲያስይዝ ስሙን አስመዝግቧል፤ ፎቶውንም ገና በር ላይ ሳለ ለዘመድ አዝማድ ልኳል። ድንጋዩ ከእሱ የሚሰማው አዲስ ወሬ የለም።