ለፓኬጅም ተያዥ ይጠራ

የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል፣ ከምሳ በኋላ። ወጣቱ ፕሮግራመር ለሰርቨሩ አዲስ ኦፕን ሶርስ ፓኬጅ አግኝቷል፤ የደህንነት ኃላፊው ጋሼ ደግሞ ፊርማቸውን ይዘዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ይፈርሙልኝና ልጫነው።

ጋሼ፦ ማን ሠራው?

ወጣቱ፦ አላውቀውም።

ጋሼ፦ እሱስ ያውቅሃል?

ወጣቱ፦ ከየት አውቆኝ!

ጋሼ፦ ጫነው እንጂ፣ ከነፓስወርድህ ያውቅሃል።

ወጣቱ፦ ኦፕን ሶርስ እኮ ነው! ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው።

ጋሼ፦ አነበብከው?

ወጣቱ፦ ሌሎች አንብበውታል።

ጋሼ፦ እነሱም «ሌሎች አንብበውታል» ብለው ነው የጫኑት። «ሌሎች» ያሉት አንተን መሆኑን ማን በነገረህ! ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ኮድ ውስጥ የነበረው ኸርትብሊድ የተባለ ቀዳዳ በ2014 እስኪጋለጥ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ኖሯል። ኮዱ ክፍት ነበር፤ ተዘግቶ የነበረው የሰዉ ዓይን ነው።

ወጣቱ፦ ይሁን፤ ጊትሃብ ላይ ግን በሺህ የሚቆጠር ኮከብ አለው።

ጋሼ፦ ኮከብማ በገንዘብም ይሸመታል። በኮከብ የሚወስን ሰው ደግሞ ኮከብ ቆጣሪ እንጂ ፕሮግራመር አይባልም።

ወጣቱ፦ የጠቆመኝ እኮ ኤአይ ነው።

ጋሼ፦ የሌለ ፓኬጅ ስም ፈጥሮ እንደሚናገርስ ጠቁሞሃል? ኤአዩ ስም ያወጣል፣ ሀከሩ ያስመዘግበዋል፣ አንተ ትጭነዋለህ። የቡድን ሥራ እንዲህ ነው!

ወጣቱ፦ የለም፣ ስሙ የታወቀ ነው።

ጋሼ፦ ሰረዙን አይተሃል? በ2017 ኤንፒኤም በተባለው የፓኬጅ ማከማቻ ላይ ክሮስ-ኢንቭ የተባለውን ታዋቂ ፓኬጅ ፈልገው ሰረዙን የዘነጉ ሰዎች የጫኑት የሌባ ፓኬጅ ነበር። የማሽናቸውን ምስጢር ለቅሞ ይልክ ነበር።

ወጣቱ፦ ይቺ ትንሽ ናት ጋሼ፤ አንድ ፓኬጅ ብቻ።

ጋሼ፦ ስንት አስከትላ? ኢዝ-ኢቭን የሚባል ፓኬጅ አለ፤ ሥራው ቁጥር ተጋማሽ መሆኑን መናገር ነው። ኢዝ-ኦድን ይጠይቅና መልሱን ይገለብጠዋል። ኢዝ-ኦድ ደግሞ ኢዝ-ነምበርን ይጠይቃል።

ወጣቱ፦ ለሁለት ማካፈል አቅቷቸው ነው?

ጋሼ፦ ማካፈልማ ይችላሉ፤ ኃላፊነቱን ተካፈሉት እንጂ።

ወጣቱ፦ የዚህኛው ጠባቂ ግን ጨዋ ነው፤ ለዓመታት በነፃ አገልግሏል።

ጋሼ፦ ጂያ ታንም ጨዋ ነበር! ኤክስዜድ የተባለውን የፋይል መጭመቂያ አንድ የደከመው ሰው በትርፍ ጊዜው ይጠብቅ ነበር። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከ2021 ጀምሮ ሲያግዘው ከረመ። ሌሎች ስሞች ደግሞ ሥራው ዘገየ፣ ሰው ይጨመር እያሉ ጠባቂውን ወጥረው ያዙት። በመጨረሻ ቁልፉ ለጂያ ታን ተሰጠ፤ በ2024 መጀመሪያ በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የጓሮ በር ቀበረ።

ወጣቱ፦ ኮዱን ያነበበ አያገኘውም ነበር?

ጋሼ፦ ተንኮሉ ለሙከራ በተቀመጡ ፋይሎች ውስጥ ተሸሽጓል። የሚቀሰቅሰው መስመር ደግሞ ኮዱ በይፋ በሚታይበት ጊት ላይ አልነበረም፤ ታሽጎ በሚወርደው ፋይል ውስጥ ነው የገባው። ያሳዩህን ትተህ የምትጭነውን አንብብ።

ወጣቱ፦ ታዲያ ማን ነቃበት?

ጋሼ፦ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ኢንጂነር። ወደ ሰርቨር የሚያስገባው ኤስኤስኤች ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ሲቆፍር አገኘው።

ወጣቱ፦ ግማሽ ሰከንድ! እኛ ግማሽ ቀን ቢዘገይብን «ኔትወርክ ነው» ብለን ቡና እንወጣለን።

ጋሼ፦ ሀከር እኛ ዘንድ የማይቸኩለው ለዚህ ነው።

ወጣቱ፦ እና ሁሉንም ራሴ ልጻፈው?

ጋሼ፦ ኧረ በስመአብ! ያንተንስ ማን ይመረምርልናል? መሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ሲቀጥር ተያዥ ይጠይቃል፤ አንተም ለፓኬጁ ጠይቅ። የሚጠብቁት ስንት ሰዎች ናቸው? በቅርቡ ታድሷል? ቀዳዳ ሲነገራቸው ቶሎ ይደፍናሉ? ሲጫን ሳያስፈቅድ የሚያስኬደው ስክሪፕት አለ? ከዚያ ቨርዥኑን ቆልፍ፤ ምስጢር በሌለበት የሙከራ ማሽን ላይ አስነሳውና ከማን ጋር እንደሚገናኝ ተመልከት። የኦፕን ኤስኤስኤፍ ስኮርካርድ የተባለው መመርመሪያም ለፓኬጁ ደህንነት ከ10 ነጥብ ይሰጥልሃል።

ወጣቱ፦ 10 ከ10 ካገኘስ?

ጋሼ፦ ነጥቡ ልማዱን ይነግርሃል፤ ልቡን አይነግርህም።

ወጣቱ፦ ነፃ እኮ ነው ጋሼ! አምስት ሳንቲም አያስከፍልም።

ጋሼ፦ ላይሰንሱን አንብበሃል? አብዛኞቹ ዋስትና የለውም፣ ለሚደርሰው ጉዳት አንጠየቅም ይላሉ። ሰዎቹ እቅጩን ተናግረዋል። እነሱ ካልተጠየቁ፣ ስንጠለፍ የሚጠየቀው ማን ይመስልሃል?

ወጣቱ፦ አለቃችን!

ጋሼ፦ አለቃችንማ ጠያቂው ነው።