«እንደ ዴርቶጋዳ ያለ የለም?»

ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አጠገብ ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ አንድ መጽሐፍ አዟሪ መጣ። ቁልሉን ከሆዱ ጀምሮ ደርድሮ ታቅፎታል፤ እንዳይንሸራተት የላይኛውን በአገጩ ተጭኖታል። ከፊቴ የነበረ ጎልማሳ ርዕሶቹን ከላይ እስከ ታች አየና «እንደ ዴርቶጋዳ ያለ የለም?» አለው። አዟሪው ራሱን ነቀነቀ። ሰውዬው አንዱንም ሳይገልጥ ፊቱን አዞረ።

ይህችን ጥያቄ ስንት ዓመት ሰማኋት! መረረችኝ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ እኔም በወረፋ ነው ያነበብኩት። እኔ ጋ እስኪደርስ ስንት ቤት ዞሮ፣ ጀርባው በፕላስተር ተለጥፎ፣ የገጾቹ ጥግ ሁሉ ተጠቅልሎ ነበር። የጣና ገዳማትንና ናሳን በአንድ ታሪክ ያገናኘ፣ የሮኬት ሊቁ የእኛው ሰው የሆነበት ልብ ወለድ በአማርኛ! ያን ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም። «ራማቶሓራ»ም «ዣንቶዣራ»ም ተከተሉ፤ እነሱንም ተሻምተን አነበብን።

ከዚያ ወዲህ ግን አንባቢው እዚያው ቆሞ ቀረ። ደራሲው ራሱ «ክቡር ድንጋይ»ን ቢጽፍ፣ «ተከርቸም»ን ቢጽፍ፣ ሚዛኑ ያው ዴርቶጋዳ ነው። «ያንን አያክልም» ይሉታል፤ ምኑ እንደማያክል ግን የሚነግርህ የለም። ይህን ያየ ሌላው ጸሐፊ ደግሞ በዚያው መንገድ ይነጉዳል፦ ፍቺው የማይታወቅ ርዕስ፣ ብራና ውስጥ የተደበቀ ምስጢር፣ ከኋላ የሚከታተል የውጭ ሰላይ። ገና ከጅምሩ መጨረሻው ይታወቀኛል። ወረቀት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ አሳታሚ ባልተሞከረ ነገር ላይ ገንዘቡን አልበተነም ብዬ አልፈርድበትም። አንባቢው ግን «አዲስ ነገር ጠፋ» እያለ ያማርራል፤ አዲሱ ሲመጣለት አይነካውም። ቢያነበውም ገዝቶ አይደለም፤ ከቴሌግራም ፒዲኤፉን በነጻ አውርዶ ነው። ከዚያ «ወረደብኝ» ይላል።

በሰው አገርም ያለ ነው። ስታር ዋርስ የተባለው ተከታታይ ፊልም በፈረንጆቹ 2017 መንገድ ልቀይር ቢል ወዳጆቹ ለሁለት ተከፍለው ተበጣበጡ። በ2019 የወጣው ክፍል ወደ ድሮው ቢመለስም ጭቅጭቁ አልበረደም። እነሱ ሲጣሉም ቀጣዩን የሚሠራ ገንዘብ አላቸው፤ እኛ ያለን ጥቂት ደራሲ ነው።

ከአደባባዩ ወደ መርካቶ ዘለቅ ሲሉ የአሮጌ ዕቃ መሸጫው ምናለሽ ተራ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ፣ መዳቡን ክር በክር እየመዘዘ ጣቱ ላይ ሲጠቀልል ቆሜ አየሁት። ሽቦው ሲበጠስበት ጫፉን ፈልጎ እንደገና ይጀምራል። እሱን ሳይ ልብ ወለዶቻችን ትዝ አሉኝ፤ በእነሱ ውስጥ ሳይንሱ ሁልጊዜ ከጥንት ተሠርቶ፣ አልቆ፣ ተደብቆ ነው የሚገኘው። ለምን ሲሠራ አናየውም? ለምን አይበላሽም? ለምን እንደዚህ ልጅ በጥቁር እጅ ተፈትቶ አይገጠምም? ከዚህ ተራ ተነስቶ፣ አሥር ጊዜ ከሽፎበት ጠፈር የሚደርስ ሰው ታሪክ ማንበብ አምሮኛል።

ይህንኑ ለአንድ መጽሐፍ ሻጭ አጫወትኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «ማን ይገዛዋል?» አለኝ።

እኔ እገዛዋለሁ። ውድም ቢሆን እገዛዋለሁ።