አራት ማርሽ ወደኋላ

ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ነው ብሎ የሚስቅ ሰው ካለ፣ ሞተሩን ከፊት አድርገን ከጎንደር ኮላ ድባ የሄድን ቀን መንገድ ዳር መቆም ነበረበት።

አንድ መካኒክ ወዳጅ አለኝ። ቀን የሰው መኪና ይሠራል፤ ማታ የራሱን ያልማል። ያረጀ ቮልስ ገዝቶ ጣሪያውን፣ በሮቹንና ፓራፋንጎውን ቆርጦ ጣለ። በቱቦ አጥር መሳይ ነገር በየደለት፤ ከኋላ የፒክአፕ ጎማ አስገባለትና "እንግዲህ የደምቢያ ጭቃ ይምጣ!" አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ብሩስ ሜየርስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 ከቮልስ የአሸዋ መኪና ሠርቶ ስም እንዳወጣ ብነግረው አልተገረመም። "አሸዋማ ምን አለበት፣ ይራገፋል። ዋልካን ይሞክራት!"

ጉዱ የፈላው በጎማው ነው። ትልቅ ጎማ መኪናውን ከመሬት ከፍ ያደርጋል፤ ነገር ግን በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ ሞተሩ ላይ ይከብደዋል። የቮልስ 1200 ሞተር ደግሞ አዲስ ሳለ እንኳ 34 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው። እሱም ባሕር ዳርቻ ላይ ሲለካ ነው። እንደኛ አገር ከ2000 ሜትር በላይ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ አንድ አምስተኛው ይጠፋል። ከፈረሶቹ ሰባት ያህሉ ጎንደር ሳይገቡ አቀበቱ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። የቀሩት ያንን ጎማ ይዘው የጋራዡን በር እንኳ መውጣት አቃታቸው።

ስለዚህ ማርሹን ማክበድ ግድ ሆነ። መድኃኒቱ ደግሞ ከዚያው ከቮልስ ዘመዶች ቤት ተገኘ። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሠራዊታቸው የሠሩት ኩበልቫገን ከእግረኛ ወታደር ጎን በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ማዝገም ነበረበት። ይህ እንዲሆን በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ በኩል ተጨማሪ ጥንድ ጥርስ ገባበት። ከጦርነቱ በኋላ ይህንኑ ኮምቢ ወረሰች፤ እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስም ይዛው ቆየች። ወዳጄ ከአንዲት ወላልቃ ከቀረች ኮምቢ ላይ ሁለቱን ጥንድ ፈትቶ ቮልሱ ላይ ገጠማቸው። በአንደኛ ማርሽ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 16 ጊዜ ተኩል ያህል ይዞር የነበረው፣ አሁን ወደ 21 ደረሰ። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይጨምራል። ሒሳቡ ልክ ነበር።

አቅጣጫው ነው ልክ ያልነበረው። ሁለት ጥርሶች ተነካክሰው ሲዞሩ አንዱ ወደ ቀኝ ከሆነ ሌላው ወደ ግራ ነው። ካቴና ቢሆን ሁለቱም ባንድ ወገን በዞሩ፤ ይህ ግን ጥርስ በጥርስ ነው። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ የኮምቢዋ ካምቢዮ ውስጥ ኮሮና የሚባለውን ትልቁን ጥርስ በወዲያኛው ጎን አድርጎ አስቀምጦታል። ወዳጄ የጎማውን ጥርስ ከኮምቢ ወሰደ፣ ካምቢዮውን የቮልሱን ተወ። የሙከራው ዕለት አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ሲለቅ መኪናው በጀርባው የጎረቤት ጭድ ክምር ውስጥ ገባ። "ማርሹ ተሳስቶ ነው" ብሎ ሁለተኛ አስገባ። ጠለቅ ብሎ ገባ። አራት ማርሽ ወደኋላ፣ አንድ ማርሽ ወደፊት ያለው መኪና ባለቤት መሆኑን ያወቀው ጭዱን ከጸጉሩ እያራገፈ ነው።

ኮሮናውን አዙሮ የሚገጥም፣ ልኩንም የሚያውቅ ሰው ኮላ ድባ አለ ተባለ። በደጉ ዘመን ቮልስ ሲፈታ የኖረ፣ አሁን ወፍጮ የሚጠግን ሽማግሌ ነው። "በመኪና አስጎትተው" ብለው ተቆጣኝ፤ "ሞተሩ እየሠራ? ሬሳ ነው እንዴ?" ወደፊት በሚወስደው በአንዱ ማርሽ እንሂድ ብልም ምክንያት ነበረው። ያ ማርሽ ሲሠራ የኋላ ማርሽ ነው፤ ከጋራዥ ለመውጣት ታስቦ የተሠራን ነገር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ማስጮህ ግፍ ነው አለኝ። ክርክሩን ረታኝ። እንግዲህ የቀረው አንድ መንገድ ነው።

እሱ ፊቱን ወደ ጎንደር አድርጎ መሪውን ያዘ። እኔ ከኋላ፣ ሞተሩ ላይ በተበየደው ቱቦ ተንጠልጥዬ ፊቴን ወደምንሄድበት አዞርኩ፤ ዐይኑ እኔ ነኝ። ገና ከአዘዞ ሳንርቅ "ግራ!" ስለው በራሱ ግራ እየጠመዘዘ ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ሊከተን ነበር። ጀርባና ጀርባ የተሰጣጡ ሰዎች አንድ ግራ የላቸውም። በመጨረሻ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር ቀረና፣ በሄድንበት በግራችን በኩል ሐይቁ ስለሆነ "ወደ ጣና!"፣ በቀኛችን በኩል ደግሞ "ወደ ጭልጋ!" ማለት ጀመርን። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልተሳሳትንም። የመንገደኛው ግራ መጋባት ግን ባሰ። ጣናና ጭልጋ ባንድ ቀን ልንደርስ ያሰብን ሳንመስለው አልቀረንም።

አንድ በቅሎ የሚስቡ አዛውንት ቆመው አዩን።

"ልጆቼ፣ መምጣታችሁ ነው መሄዳችሁ?"

"መሄዳችን ነው አባባ፤ ወደ ኮላ ድባ።"

ወዳጄን ዐይን ዐይኑን አዩት። "ታዲያ ይሄ ልጅ ጎንደር ላይ ዐይኑን ተክሎ የቀረው ምነው? የረሳው ሰው አለ?"

ኮላ ድባ ሊደረስ ጥቂት ሲቀረው ተለዋጭ መንገድ አለ፤ ወደ ማሳ ዳር ያወጣል። ወሩ መስከረም ነበርና ዋልካው ገና ውኃውን አልለቀቀም። አንድ እህል የጫነ አይሱዙ እስከ ወገቡ ሰጥሟል፤ ገሚሱ ሰው ድንጋይ ከጎማው ሥር ይወረውራል፣ ገሚሱ ገመድ ይስባል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ሲያስጎትቱ ማርሽ አልነበራቸውም፤ ሰው ነበራቸው። አይሱዙውም በዚያው ዘዴ እየሠራ ነበር።

ወዳጄ አንደኛ አስገባ። ጎማው አልተሽከረከረም፤ ረገጠ እንጂ። ከተንጠለጠልኩበት ሆኜ አንገቴን ወደ ታች ሳደርግ የጎማውን ጥርስ አንድ በአንድ መቁጠር እችል ነበር። ጥቁሩ ጭቃ በጥርሶቹ መካከል ይጨመቃል፣ በቅርጻቸው ታትሞ ይነሣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወድቃል። ከባዱ ሞተርና ካምቢዮ የሚጎትቱት ጎማዎች ላይ ተጭነው፣ እነሱው ቀድመው እየገቡ፣ ቀላሉን የፊት እግር ከኋላ ያስከትላሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ፎርድ ሞዴል ቲ የነበራቸው ሰዎችም ዳገቱ ሲብስባቸው አዙረው በኋላ ማርሽ ይወጡት ነበር። የኋላ ማርሹ ከሌላው ይከብዳል፤ ቤንዚኑም ከጋኑ በገዛ ክብደቱ ስለሚወርድ ሞተሩ አይጠማም። እኛ ግን የፎርድን ታሪክ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረንም። የአይሱዙው ሹፌር አፉን ከፍቶ በአጠገቡ ስናልፍ "እያፈገፈገ ቀደመን!" ሲል ሰማሁት። ገመድ ይዞም ተከተለን። ወዳጄ "ፊቴን ሳዞር እመለስልሃለሁ" አለው።

የኮላ ድባ ልጆች የተቀበሉን በእልልታ ነው። ሽማግሌው ዱቄት በነካው እጃቸው ሞተሩን መታ መታ አደረጉና ብዙም ሳይጠይቁ ፍቱት አሉ። የቮልስ ሞተር በአራት ቡሎን ነው የተያዘው፤ ወረደ። ካምቢዮው ወጣ፣ ጎንና ጎኑ ተከፈተ፣ ኮሮናው ከነቤቱ ተገልብጦ በወዲያኛው ወገን ገባ። ልፋቱ ከዚህ በኋላ ነው። ሽማግሌው ጥርሶቹን ቀለም እየቀቡ፣ በእጃቸው እያዞሩ፣ የተነካከሱበትን ምልክት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያነቡታል። ስስ ቀለበት ይጨምራሉ፣ ያወጣሉ፣ ደግመው ይቀባሉ።

"ልጄ፣" አሉት ወዳጄን ቀና ሳይሉ፣ "ይሄንን ሁሉ ከመግጠምህ በፊት አንዴ በጣትህ አዙረህ ብታየው ምን ይልህ ነበር?"

"ጋሼ፣ ቸኩዬ ነው።"

"ማርሽ ልታከብድ ቸኮልክ?"

ሲመሽ አለቀ። ልጆቹ እስከዚያ አልተበተኑም፤ እንዲያውም ዘመድ አዝማድ ጠርተው በዝተዋል። ወዳጄ ተቀመጠ፣ አንደኛ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቀ። መኪናው ወደፊት ሄደ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ዝም ሆነ። ከዚያ ከፊት የነበረው ትንሹ ልጅ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ጮኸ፦

"ተበላሸ!"