የተወዳጅ ትዕይንት መምረጫና የሬሳ መብት ማስከበሪያ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

የቴአትር ክበባችን አባላት የሚወዷቸውን የሼክስፒር ትዕይንቶች መርጠው በአንድ ምሽት እንዲያቀርቡ መወሰኑ መልካም ሆኖ ሳለ፤ ከዘጠኙ አባላት ስድስቱ የሐምሌትን የብቻ ንግግር በመምረጣቸው፣ ሁሉም ሐምሌት ሆኖ የሚገደል ሰው በመጥፋቱ፤ ይህንኑ በሕግ መግታት በማስፈለጉ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ። ከላይ ተጽፏል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ። «ተወዳጅ ትዕይንት» ማለት መራጩ ብዙ የሚናገርበት ትዕይንት ነው።

አንቀጽ 3፦ ስለ ሮሜዎና ዡልዬት። ከበደ ሚካኤል በአማርኛ ካቀረቡልን ጀምሮ የሚወደድ ቢሆንም ሰገነት አይሠራም። ሼክስፒርም ሰገነት አላለም፤ መስኮት ነው ያለው። ወንበር ላይ መቆም ይበቃል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ሬሳ።

1. የሐምሌት 3ኛ ገቢር 4ኛ ትዕይንት የተመረጠ እንደሆነ፣ ፖሎኒየስ ከመጋረጃ ጀርባ የሚወጋው ገና ትዕይንቱ እንደተጀመረ መሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ሐምሌትና እናቱ 200 ያህል ስንኝ ሲነታረኩ ሬሳው እዚያው እንደሚጋደም ለተጫዋቹ አስቀድሞ ይነገረዋል።

2. ሬሳ አይንቀሳቀስም። ሆኖም፦

ሀ) መጋረጃው ከአዳራሹ መስኮት ወርዶ ሳይታጠብ የመጣ ከሆነ፣ ሬሳው አንድ ጊዜ ማስነጠስ ይችላል፤

ለ) ሐምሌት ቃሉ ጠፍቶበት ከመጀመሪያው የደገመ እንደሆነ፣ ሁለት ጊዜ፤

ሐ) ሐምሌት የክበቡ ሰብሳቢ ከሆነና የብቻ ንግግሩን ከሌላ ትዕይንት አምጥቶ እዚህ የሰካ እንደሆነ፣ ሬሳው ተነሥቶ ውኃ ጠጥቶ ይመለሳል፤

መ) ሬሳ ተጎትቶ ሲወጣ በብብቱ እንጂ በእግሩ አይጎተትም። በእግር ሲጎተት ሸሚዝ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ሆድ ይታያል፣ ሰው ይስቃል፤

ሠ) የሬሳው እናት ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ከፊት ረድፍ የተቀመጠች እንደሆነ፣ መጎተቱ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሷ አልሳቀችም። ስንወጣ «ድምፅህን ሰማሁት እኮ፣ ከመጋረጃው ውስጥ» አለችኝ።

3. እኔ የመረጥኩት መቃብር ቆፋሪዎቹን ነበር፤ 5ኛ ገቢር፣ 1ኛ ትዕይንት። እየዘፈነ ጉድጓድ የሚምሰውን፣ የራስ ቅል እንደ ድንች ወደ ውጭ የሚወረውረውን፣ ልዑሉን ሳያውቀው በነገር የሚረታውን ሰውዬ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን ወደ አማርኛ የመለሰው አንድ ሰብሳቢ ብቻውን እንዲጮኽበት አይመስለኝም! ምርጫዬን ጽፌ፣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ ሰጠሁ። «አይሆንም» ቢባል እንኳ ደግ ነበር። አልተነበበም። ስብሰባው ሲያልቅ አገኘሁት፤ የሚንገዳገደው ረከቦት እግር ሥር ተሸጉጦ።

አንቀጽ 5፦ ስለ ማክቤዝ ጠንቋዮች። ሦስት ናቸው። የማንም እህት አራተኛ ሆና አትጨመርም።

አንቀጽ 6፦ ቅጣት። አዋጁን የተላለፈ ሰው ግድግዳ ሆኖ ይቆማል ሊባል ታስቦ ነበር፤ ሼክስፒር ግን በአንዱ ኮሜዲው ውስጥ ለግድግዳ እንኳ ንግግር ጽፎለታል። ስለዚህ ቅጣቱ ሬሳነት ነው።

አንቀጽ 7፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። ወረቀቱ ከረከቦቱ ሥር ወጥቶ ጮክ ተብሎ ከተነበበበት ቀን ጀምሮ። ቡናው ቢደፋም።