ከ95 በመቶ ማዶ

በመሥሪያ ቤቶቻችን ሥራ አይዘገይም፤ «በሂደት ላይ» ነው። ያልተጀመረም የለም፤ «በቅድመ ዝግጅት ምዕራፍ» ይገኛል። ጭራሽ የተረሳው ደግሞ «ልዩ ትኩረት ተሰጥቶት እየተሠራበት» ነው። ከዚህ ቋንቋ ለማምለጥ ይመስለኛል፣ አቅም ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ የፕሮጀክት መከታተያ ሶፍትዌር ወደ መግዛት የዞረው። ጂራ ተገዛ፣ ሥልጠና ተሰጠ፣ በሥልጠናው ላይ ቡናና ቆሎ ቀረበ፣ ትልቅ ስክሪን ስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከእንግዲህ የሚናገረው ሪፖርት ጸሐፊው ሳይሆን ዳሽቦርዱ ነው ተባለ።

ዳሽቦርዱም መናገር ጀመረ። የነገሩትን።

እንዴት እንደሚነግሩት ለማየት ሰኞ ጠዋት የአንድ ቡድን ስብሰባ ላይ ጥግ ይዞ መቀመጥ ይበቃል። የሚሠራው የሞባይል ክፍያ መተግበሪያ ነው እንበል።

«የክፍያው ክፍል ከምን ደረሰ?» ይላሉ ኃላፊው።

«ኮዱን ጽፌ ጨርሻለሁ» ትላለች ልጅቷ። «ከባንኩ ሲስተም ጋር ግን ገና አልተገናኘም፤ አልተፈተሸምም።»

«ጥሩ። ስንት በመቶ ልበል?»

«እኔ እንጃ… 80?»

«80ማ ባለፈው ሳምንት ብለናል።»

«እንግዲያው 85 ይበሉት።»

ልብ በሉ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም አልዋሸም። የልጅቷ የመጀመሪያ መልስ ለሚያዳምጥ ሰው የተሟላ እውነት ነበር፤ ምን እንዳለቀ፣ ምን እንደቀረ፣ ችግር ከመጣም ከየት በኩል እንደሚመጣ ነግራቸዋለች። እንዲህ ያለ መልስ የሚጻፍበት ሣጥን ሶፍትዌሩ ላይ አለ፤ የሚከፍተው ግን የለም። ቁጥሩ ይፈለጋል። ቁጥሩ ደግሞ ከሥራው ሳይሆን ካለፈው ሳምንት ቁጥር ተወለደ። ከዚያ በኋላ ደረጃውን ይወጣል። ዳይሬክተሩ ዘንድ ሲደርስ «ወደ 90 የተጠጋ» ይሆናል፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዘንድ «በማጠናቀቂያ ላይ»፤ ቦርዱ ፊት ሲቀርብ ቁጥርነቱም ቀርቶ አንዲት አረንጓዴ ክብ ሆኗል። ባለድርሻ አካላትም ክቧን አይተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ወደ ምሳ ያልፋሉ።

የመቶኛ ሌላው አመሉ ወደ ኋላ አለመመለሱ ነው። «ባለፈው ወር 70 ብለን ነበር፤ ሥራውን ገልጠን ስናየው ያላሰብነው ጉድ ስላገኘን በዚህ ወር 55 ነን» የሚል ሪፖርት ያነበበ ካለ ይንገረኝ። ከሁሉም ሪፖርት እሱ ሳይታመን አይቀርም ነበር፤ ያቀረበው ሰው ግን በቀጣዩ ወር እዚያ ወንበር ላይ አይገኝም። ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል፤ 95 ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ እዚያም ቤት ሠርቶ ይኖራል።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። ትልቁን የአይቢኤም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው መጽሐፉ፣ ኮድ መጻፉ ከሚወስደው ጊዜ ግማሹን ያህል «90 በመቶ አልቋል» እየተባለ እንደሚኖር ታዝቧል። የቤል ላብስ ባለሙያው ቶም ካርጊል ደግሞ በ1980ዎቹ ነገሩን ወደ ቀልድ ለወጠው፤ የመጀመሪያው 90 በመቶ ሥራ 90 በመቶውን ጊዜ ይበላል፣ የቀረው 10 በመቶ ደግሞ ሌላ 90 በመቶ። ድምሩ 180 መሆኑ ስሕተት አይደለም፤ የፕሮጀክት ሒሳብ እንዲህ ነው። ያቺ የመጨረሻዋ 10 በመቶ ከሌላው ሲስተም ጋር ማገናኘትን፣ የደኅንነት ፍተሻን፣ የድሮውን መረጃ ማሸጋገርንና የሰባት ሰው ፊርማን በሆዷ ይዛለች። የኮንስትራክሽን ሰዎች በዚህ በኩል ይሻላሉ፤ ቢያንስ «ፊዚካል» እና «ፋይናንሺያል» አፈጻጸም ብለው ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው እየራቀ ሲሮጥ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የሙያው ሰዎች በውጭ አረንጓዴ ሆኖ ውስጡ የቀላውን ፕሮጀክት ሐባብ ይሉታል። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ከሐባብም አልፏል። ስድስት ዓይነት ድጎማዎችን ወደ አንድ የሚያጠቃልል ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባል ሥርዓት ሊዘረጋ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 የአገሪቱ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት ገብቶ ሲያየው፣ የፕሮጀክቱ ሰዎች ምሽግ ውስጥ እንዳለ ጦር ራሳቸውን ከውጭ ሰው አጥረው፣ ወደ ላይ መልካም ዜና ብቻ ሲልኩ እንደነበር ጻፈ፤ ለኮምፒውተር ሥራው ከወጣው ገንዘብ 34 ሚሊዮን ፓውንዱ እንዳልነበረ ተቆጥሮ ተሰርዟል። እስከዚህ ድረስ የታወቀ ታሪክ ነው። ቀልዱ የመጣው በማግሥቱ ዓመት ነው። ትልልቅ ፕሮጀክቶችን የሚከታተለው ባለሥልጣን ለደረጃ መስጫ ከአረንጓዴ እስከ ቀይ አምስት እርከን ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ሪፖርቱን ሲያወጣ ለዩኒቨርሳል ክሬዲት አምስቱም አልበቁትም። «እንደ አዲስ የተጀመረ» የሚል ስድስተኛ ደረጃ ሰጠው። ቀይ ነው እንዳይባል ቀለም ያጣ ፕሮጀክት! የፓርላማው የሕዝብ ሒሳብ ኮሚቴ፣ ይህ መረጃን ለመሸሸግና ከጥያቄ ለማምለጥ የተደረገ ሊሆን እንደሚችል ስጋቱን ተናገረ። እኔ ግን ፈጠራውን አደነቅሁ። ለእኛ «በሂደት ላይ» የሚመጥን የአጎት ልጅ ለንደን ውስጥ ተወልዷል።

ጣት መቀሰር ካለብን ከታች ያለችውን ልጅ ትተን ወደ ጠያቂው እንቀስር። ቀይ ያሳየ ሰው ምን ይገጥመዋል? በማግሥቱ «አስቸኳይ ማብራሪያ ይቅረብ» የሚል ደብዳቤ ይመጣለታል። ከዚያ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ለኮሚቴው ሳምንታዊ ሪፖርት ይታዘዛል፤ ሪፖርቱን የሚጽፈው ያው ሥራውን የሚሠራው ሰው ስለሆነ ሥራው ይበልጥ ይዘገያል፤ ክቡ ይበልጥ ይቀላል። አረንጓዴ ያሳየ ግን ምሳውን በሰላም ይበላል። እንዲህ እየተሸለመና እየተቀጣ አረንጓዴ የማይቀባ ቢገኝ እሱን ነበር መመርመር።

አንዳንዴ ከቁጥሩ ይልቅ ነገሩ ራሱ ይናገራል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ በአምስት ዓመት ገደማ ያልቃል ተብሎ ነበር፤ የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ነው። በመካከሉ የስንት በመቶ ዜና ሰምተን፣ ስንቱን ረሳን! የካቲት 13 ቀን 2014 የመጀመሪያው ተርባይን ዞሮ ኃይል ሲያመነጭ ግን ግንባታው ገና 84 በመቶ ገደማ ላይ ነበር፤ በዚያች ቀን ስለ ቀሪው 16 የጠየቀ ሰው አላየሁም። ተርባይን ወይ ይዞራል ወይ አይዞርም፤ «85 ይበሉት» ብሎ የሚያዞረው የለም። ለሶፍትዌሩም እንዲህ ያለ ጥያቄ ማበጀት አይከብድም፤ አንድ ደንበኛ ዛሬ በዚህ መተግበሪያ 50 ብር መላክ ይችላል ወይስ አይችልም?

ይህን ጥያቄ የሚፈሩ ቡድኖች ሌላ ዘዴ አላቸው። ሰሌዳው ላይ «አልቋል» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ «በትክክል አልቋል» የሚል ይጨምራሉ። ጥቂት ቆይቶ «ተፈትሾ አልቋል» ይመጣል፤ ከዚያ «ለርክክብ ዝግጁ»። ዓምዱ ወደ ቀኝ በተስፋፋ ቁጥር ሥራው ወደፊት የሄደ ይመስላል፤ ስክሪኑ ግን ጠበበ፣ ለሚቀጥለው በጀት ዓመትም ሰፋ ያለ ስክሪን ተጠይቋል።

በጀት ዓመት ካልን ሰኔን ማለፍ አይቻልም። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፤ ስለዚህ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ሁሉ እንደ ክረምት መስክ ይለመልማል። ዓመት ሙሉ 95 ላይ የኖረው መተግበሪያ በአንድ ሌሊት 100 ይገባል፤ ኬክ ይቆረሳል፤ ፎቶ ይነሳል። በሐምሌ «ምዕራፍ ሁለት» በሚል ስም አዲስ ፕሮጀክት ይከፈታል፤ የመጀመሪያ ተግባሩም የክፍያውን ክፍል ከባንኩ ሲስተም ጋር ማገናኘት ነው።