በሕጋዊ መንገድ የገዙ ሰዎችን ለመቆጣጠር የወጣ አዋጅ

የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ያለፈቃድ ማባዛት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ በመሆኑ፤ ሆኖም ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ (ክራክ) በፍላሽ የተቀበለው ሰው ሥራውን እየሠራ፣ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው «አክቲቬሽን አልተሳካም» የሚል ሣጥን ላይ አፍጥጦ መዋሉ ተገቢ ሆኖ በመገኘቱ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አዋጁ ከአብርሃ ጅራ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ አሮጌ የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በገዛ ሁሉ ላይ ይሠራል።

አንቀጽ 2። ገዢ የማሲንቆን ድምፅ ከጄኔሬተር ጩኸት ከማጽዳቱ በፊት ሌባ አለመሆኑን በኢንተርኔት ያረጋግጣል። ኢንተርኔት የሌለው ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው፤ እንደሌለው ግን በኢንተርኔት ያመለክታል። ኮምፒዩተሩን ፎርማት ያስደረገም ነፃ ነው፣ አስቀድሞ ፈቃዱን ከአሮጌው ማሽን ላይ ካስለቀቀ። በቆላው ሙቀት ወይም በመብራት መቆራረጥ ማሽኑ የተቃጠለበት ገዢ የተቃጠለውን አስነሥቶ ያስለቅቃል። ፈቃድ የሚያረጋግጠው ሰርቨር ራሱ የተዘጋ እንደሆነ፣ መዘጋቱን ሰርቨሩ ሲያረጋግጥለት ነፃ ይሆናል።

እዚህ ላይ አዋጁ ትንሽ ይቆጣ። አዶቢ የተባለው ኩባንያ ኩል ኤዲት ፕሮ የተባለውን የድምፅ ማቀናበሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሲንትሪሊየም ኩባንያ በ16.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ኦዲሽን አለው። ኋላም የድሮ ፕሮግራሞቹን የማስነሻ (አክቲቬሽን) ሰርቨር ሲዘጋ ለኦዲሽን 3 ማስነሻ የማይጠይቅ ቅጂ አወጣ። «ታዲያ ምን ጎደለ? ኩባንያው አስቦላችኋል» የሚል ይኖራል። እኮ! ቁልፍ የሌለው ቅጂ መሥራት የሚቻል ነገር ነበር ማለት ነው። የሚቻል ከሆነ ደግሞ የሻጩ ቸርነት ሳይሆን ግዴታው መሆን ነበረበት፤ ሰርቨሩን ሲዘጋ ቁልፉን ለገዢው አስረክቦ ይሂድ። ገንዘቡንማ ተቀብሏል!

«አዲሱን በየወሩ እየከፈላችሁ ተጠቀሙ» ለሚሉም መልስ አለ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑን እንተወው። የአዶቢ የዓመት ደንበኝነት ያለ ኢንተርኔት የሚታገሠው ቢበዛ 99 ቀን ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ የተቋረጠው ግን ከዚያ እጥፍ ለሚበልጥ ጊዜ ነው። ያኔ በሞባይል ዳታ ብቻ የሚሠራ ከፋይ ቢኖር ኖሮ ከነደረሰኙ ይቆለፍበት ነበር፤ የክራኩ ጌታ ግን አንድም ቀን ሥራ አይፈታም ነበር። «ያለ ቁልፍ ኩባንያው ይከስራል» የሚለው ክርክርም የመጀመሪያውን ሽያጭ በተመለከተ እውነትነት አለው፤ ሻጩ ራሱ መሸጥ ላቆመው ፕሮግራም ግን ምን ሊከስር? ደግሞስ ቁልፉ ማንን ያዘ? ሌባው ገና ድሮ ሰብሮት ገብቷል፤ ደጅ የቀረው ባለደረሰኙ ብቻ ነው።

አንቀጽ 3። ቅጣት፦ እንደ አንቀጽ 2።

አንቀጽ 4። ይህ አዋጅ ኔትወርክ ሲመጣ የጸና ይሆናል።